ማርጎን ማን አሰመጣት?

እሑድ ጠዋት የቫሎ መንደር ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ማርጎን ሰምጣ አገኛት። አፍንጫዋን ሽቅብ ሰቅላ፣ ጭራዋ ከነሞተሩ ጀልባዎች በሚተላለፉበት ቦይ ውስጥ ተዘፍቆ፣ መጋረጃዎቿ በመስኮቱ በኩል እንደ ዓሣ ክንፍ ይውለበለባሉ። ማርጎ እንግሊዝ አገር የተሠራች ረጅምና ቀጭን የብረት ጀልባ ናት። ባለቤቷ አንሰልም ጓዜ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ሲሆን፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱን ሽጦ እሷው ላይ ይኖራል። አሁን ግን ሰውየው የትም የለም። መኪናው ዛፍ ሥር እንደቆመች ናት። ከውሃው በላይ በቀረው የእጅ መደገፊያ ላይ ደግሞ ደም አለ።

«ገድሎ አሰመጠበት» አለ ሳጅን ብሪዶ፣ ገና ከፖሊስ መኪናው ሳይወርድ።

«ማን?» አለችው ኢንስፔክተር ኦዲል ቴሲየር።

«እሱን አንቺ ነሽ የምታገኚው። እኔ ውሃ አልወድም።»

ኦዲል ሳቋን ዋጠች። ብሪዶ ወፍራም፣ ደግና ፈሪ ሰው ነው፤ ቦዩን እንደ ተናካሽ ውሻ ከሩቅ ያየዋል። እሷ በተቃራኒው ያደገችው እዚሁ ቦይ ላይ ነው። እናቷ የውሃ በር ጠባቂ ነበረች። ሁለት ትልልቅ የእንጨት በሮች መሀል ውሃ እየሞላችና እያጎደለች ጀልባ ሽቅብ ስታወጣ፣ ቁልቁል ስታወርድ ኖራለች። ስለዚህ ኦዲል የጭነት ጀልባ ድምፁን ሰምታ የማን እንደሆነ ታውቃለች። የእንግሊዞቹን ቀጫጭን ጀልባዎች ግን አታውቃቸውም፤ የአሻንጉሊት ያህል ነበር የምትቆጥራቸው።

ጠላቂው ዋናተኛ ከማርጎ ሆድ ወጥቶ ጭንብሉን አወለቀ።

«ሰው የለም። ስልኩን ወጥ ቤት ወለል ላይ አገኘሁት።» የራሰውን ስልክ አቀበላት። «ሌላ ነገር አለ። ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ ጀልባዋን ከሚገፋው ውልብልቢት በላይ ቀዳዳ አለ። እጅ እንደልብ ያስገባል። ክዳኑ ተፈቶ ጎኑ ተቀምጧል።»

«ተሰብሮ?»

«አልተሰበረም። ማሰሪያው በእጅ ነው የተፈታው። በላዩ ያለው የወለል ሳንቃ ግን ተመልሶ ተገጥሟል። ከላይ የቆመ ሰው ምንም አያይም።»

ኦዲል ወደ ጀልባዋ ጭራ ጎንበስ ብላ አየች። እሷ በምታውቀው ጀልባ ማንም ሆድ ላይ መስኮት አያወጣም። ከፍቶ፣ መልሶ ሸፍኖ የሄደ ሰው ደግሞ ምን እንደሚሠራ ያወቀ ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ ብሪዶ ራሱን እየነቀነቀ።

*

የአንሰልም ልጅ ክሌማንስ ከዲዦን ከተማ ስትደርስ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር። ጥርስ ሐኪም ናት፤ ያን ዕለት ግን ጫማዋን እንኳ ግራና ቀኝ አቀያይራ ያደረገች ሴት ትመስላለች። ኦዲል ካፌ ውስጥ አስቀመጠቻትና ትኩስ ነገር አዘዘችላት።

«መጨረሻ የተነጋገራችሁ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።» ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው። «ተጣላን። ጀልባዋን ሽጠህ እኛ ጋ ና አልኩት። ክፍል አለን፣ ልጆቹ ይወዱሃል አልኩት። ‹እኔ የማንም ጓዳ ዕቃ አይደለሁም› አለኝ። ከዚያ... ከዚያ እኔም ‹እንግዲያው ሞትህን በስልክ እሰማለሁ› አልኩትና ዘጋሁበት።»

«ሰው ሲናደድ ብዙ ይላል።»

«እኔ ግን ይኼን አልኩ ማዳም። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ እጄ አልታዘዝ አለኝ።» እንባዋ መጣ። «ሞቶም ከሆነ ንገሪኝ። መጠበቅ ነው የማልችለው።»

«ገና አላውቅም» አለቻት ኦዲል፤ እውነቷን ነበር። «ጠላት ነበረው?»

ክሌማንስ መልስ ከመስጠቷ በፊት ባለ ካፌው መደርደሪያውን እየወለወለ ጣልቃ ገባ። «ጠላት እንኳ የለውም፤ እንግሊዙ ነው እንጂ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደጃፍ ላይ ‹ውሃ ይብላህ!› ብሎ ሲረግመው አገር ሰምቷል።»

*

እንግሊዙ ትሬቨር ይባላል። ማርጎን ለአንሰልም የሸጠለት እሱ ነው፤ ራሱም የእሷን መንትያ የምትመስል ጀልባ ላይ ይኖራል። ጣሪያዋ ላይ ሽንኩርትና ጎመን ተክሏል።

«አዎ፣ ረግሜዋለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «‹የሸጥክልኝ ጀልባ ሆዷ ወረቀት ነው፣ ዝጎ አልቋል› ይለኛል፣ ሰው ፊት! ጀልባ እንደ ፈረስ ነው፣ ጥርሱን አይተህ ትገዛለህ። ያኔ አይቶ ገዛ፤ ዛሬ ምን አመጣው?»

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ዓሣ ሳጠምድ።»

«የት?»

«ታች... ወደ ታች።»

«ምን ያዝክ?» አለ ብሪዶ።

«ምንም።»

«ዘንግህስ?»

ትሬቨር ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ዘንጉ እዚያው ጎመኑ መሀል ተጋድሟል፤ የሸረሪት ድር ከጫፍ እስከ ጫፍ አድርቶበታል። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ።

«ሙሴ ትሬቨር» አለች ኦዲል ቀስ ብላ፣ «ሰው ጠፍቷል። ደም አለ። የጀልባዋ ሆድ ክዳን ተከፍቷል። ያን ክዳን የሚያውቅ በዚህ መንደር አንተና እሱ ብቻ ናችሁ። አሁን መዋሸት አያምርብህም።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ፈተና ላይ ነበርኩ» አለ በደከመ ድምፅ። «ኔቨር ከተማ። የፈረንሳይኛ ፈተና። ዜግነት ልወስድ። ሦስተኛዬ ነው ማዳም፣ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ካፌ ውስጥ ከሰሙ አልቆልኛል። አንሰልም ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ያስጠናኝ ነበር፣ እስክንጣላ ድረስ።»

ብሪዶ ስልኩን ይዞ ወጣና ሲመለስ ከንፈሩን እየነከሰ ነበር። «እውነቱን ነው። ፈታኟ አስታውሳዋለች። ‹ስለ ሰፈርህ ንገረኝ ብለው ስለ ጀልባ ቅባት አውርቶ አላቆም አለ› አለች።»

«አለፍኩ?»

«አልጠየቅኩም ሙሴ።»

ኦዲል ግን ሌላ ነገር ይዟት ነበር። «ቆይ እስቲ። ክዳኑ ለምንድነው የሚከፈተው?»

ትሬቨር በዕውቀቱ ተጠይቆ ደስ ያለው ሰው ሆነና ቀና አለ። «ውልብልቢቱ ላይ ገመድ ወይ የውሃ አረም ሲጠመጠም። የእናንተ ጀልባዎች ቢሆኑ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ነው የምታጸዱት፤ እኛ ከላይ እጃችንን ሰደን እንነቅላለን።»

«ተከፍቶ ከተረሳ ጀልባዋ ትሰምጣለች ማለት ነው?»

«የለም! አፉ ከውሃው ልክ በላይ ነው። ጀልባዋ ቆማ ካለች ዓመት ሙሉ ተከፍቶ ቢቀር ጠብታ አይገባም። ሞተር አስነስተሽ ስትነጂ ነው ጉዱ፤ ውልብልቢቱ ውሃውን ሽቅብ ይረጨዋል። በሳንቃው ሥር ስለሚገባ ነጂው አያየውም። ጭራዋ ትንሽ ዝቅ ካለች በኋላማ ቢያቆሟትም አትድንም፤ ቀዳዳው ራሱ ይጠጣል። ሲነጋ...» እጁን ቁልቁል አወረደ።

ኦዲል ጠዋቱን በሙሉ ክዳኑን ማን ከፈተው ስትል ነበር የዋለችው። የቦይ ሰው ስለሆነች ብቻ ቀዳዳ ስታይ መስጠም ታያት። ለካ ጥያቄው ሌላ ኖሯል።

«ብሪዶ» አለች፣ «ማርጎን የነዳት ማን ነው?»

*

ዳርቻውን ይዘው በእግር ሄዱ። ከሰመጠችበት ቦታ ራቅ ብሎ፣ ትልቁን ዋርካ መሰል ዛፍ ካለፉ በኋላ፣ ባዶ ዳርቻ ላይ የአንሰልም የሸራ ወንበር፣ የከሰል ከረጢቶቹና የቲማቲም ማሰሮዎቹ ተደርድረዋል። ሣሩ በጀልባ ርዝመት ልክ ገርጥቷል።

«ቤቱ እዚህ ነበር» አለች ኦዲል። «አንድ ሰው ከዚህ አንስቶ እዚያ ወስዷታል።»

«ራሱስ ቢሆን?»

«ገመዱን አላየህም?»

ብሪዶ ገመዱን አላየም፤ ቢያይም ገመድ ገመድ ነው። ኦዲል ግን አይታዋለች። አንሰልም ጀልባውን ጥብቅ አድርጎ ነው የሚያስረው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነዋ። ማርጎ ግን ላላ ተደርጋ፣ ገመዱ ረዝሞ ነው የታሰረችው። በያመቱ ክረምት ሲቃረብ ቦዩን ለጥገና ያደርቁታል። ውሃው ሲጎድል ጥብቅ ብላ የታሰረች ጀልባ በገመዷ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ይህን አስቦ ገመድ የሚያላላው ቦይ ላይ ያደገ ሰው ነው። የኦዲል እናት እንዲሁ ነበር የምታስረው።

የቫሎ የውሃ በር ጠባቂ ጊስሌን የተወለደችው የጭነት ጀልባ ላይ ነው። ኦዲል ቤቷ ደጃፍ ላይ አገኘቻት፤ በደረቅ ጨርቅ ደረቅ እጇን ትጠርጋለች።

«ቅዳሜ ምን አየሽ እትዬ ጊስሌን?»

«ምንም። ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነበር።»

«አንሰልምን አላየሽውም?»

«አላየሁትም አልኩሽ እኮ ልጄ!»

ከሚያስፈልገው በላይ ጮኸች። ኦዲል አልገፋቻትም። ለፍለጋው ሲባል ውሃው ከወትሮው ቀድሞ በማግስቱ እንዲወርድ ተወስኗል፤ በሩን የምትከፍተው ደግሞ ጊስሌን ራሷ ናት። አንዳንድ ሰው በጥያቄ አይከፈትም።

*

ሰኞ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ዳርቻው ላይ ቆመ። ክሌማንስ ከፊት ናት፤ ትሬቨር ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎላታል።

ጊስሌን የውሃ መክፈቻውን እጀታ ያዘች። አልዞረም። ደግማ ያዘችው። ይዛው ቆመች እንጂ አላዞረችውም።

ኦዲል ከጎኗ ቆመች። «እትዬ ጊስሌን፣ ማርጎን አንቺ ነሽ የነዳሻት።»

ሴትየዋ እጀታው ላይ ተደፋች። ለቅሶዋ ከሆዷ ነው የወጣው። «ጭቃ የሚያወጡት ሠራተኞች ዛሬ ሊመጡ ነበር፣ ያን ዳርቻ ይፈልጉታል። ልቀቅ ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ! ቅዳሜ ከሰዓት ብሄድ የለም። ካፌ ነው ብዬ... እንዳይቀጡት ብዬ... ቁልፉን የት እንደሚሰቅል አውቃለሁ። ትንሽ ነዳኋት፣ አሰርኩ፣ ሄድኩ። የሰው ጀልባ መንዳት ክልክል ነው ለኛ። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ቤቴ እኮ የሥራው ነው!»

«ደሙን አላየሽም?»

«ሳምንቱን ሙሉ ቀይ ቀለም ሲቀባ ነበር። ቀለም መሰለኝ።» ድምፅዋ ወረደ። «እንደሰመጠች ስሰማ ሮጬ መጣሁ። ደም ነው ሲሉ ሰማሁ። ኦዲል ልጄ፣ ውሃው ውስጥ ከነበረስ? ከኋላ ሥሯ ገብቶ ሲጠግን ከነበረስ፣ እኔ ሞተሩን...»

አልጨረሰችውም። መጨረስም አያስፈልጋትም ነበር። ከትላንት ጀምሮ ብቻዋን ይህን ተሸክማ እንደዋለች ኦዲል ገባት። የጊስሌንን እጅ ከእጀታው ላይ አንስታ ራሷ አዞረችው።

ውሃው ሄደ። መጀመሪያ የዳርቻው ድንጋይ ታየ፣ ቀጥሎ ጭቃው። የሱቅ ጋሪ፣ ጎማዎች፣ የካፌው ወንበር ከነስሙ፣ ግራ የተጋቡ ዓሦች ብቅ አሉ። ክሌማንስ አንድ ጥቁር ነገር ባየች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። ሰዎቹ በቡትስ ገብተው ከበር እስከ በር ጭቃውን በረጅም እንጨት ፈተሹ።

«የለም!» አለ ጠላቂው በመጨረሻ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ። «ሰው የለም!»

ጊስሌን ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ብሪዶ ውሃ መፍራቱን ረስቶ ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቷል፤ የዛገ ብስክሌት ጎትቶ አወጣ። «ኢንስፔክተር! የሱ ብስክሌት ይሆን?»

«አይደለም» አለች ክሌማንስ። «የአባዬ ታጣፊ ነው፣ ቢጫ። ጣሪያው ላይ በሰንሰለት ነው የሚያስረው።»

ኦዲል ወደ ማርጎ ዞረች። ጀልባዋ አሁን ጭቃው ላይ ተቀምጣ ገላዋ በሙሉ ይታያል። ጣሪያው ላይ ሰንሰለቱ አለ፤ ብስክሌቱ ግን የለም። ቁልፉ አልተሰበረም። በመክፈቻው በእርጋታ ተከፍቶ፣ መክፈቻው እላዩ ላይ ተሰክቶ ተንጠልጥሏል።

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ይቅርታ» አለች። «ክሌማንስ፣ ነይ፣ መኪና ውስጥ ግቢ። የቦይ ሰው ጀልባ ይዞ ወደ ፊት ሲሄድ ብስክሌቱን ይጭናል፤ ደርሶ በብስክሌት ወደ መኪናው ይመለሳል። አባትሽ መኪናውን ትቶ ብስክሌቱን የወሰደው በመንገድ ስላልሄደ ነው። በውሃ ነው የሄደው፣ በሰው ጀልባ። እትዬ ጊስሌን፣ ቅዳሜ ከዚህ የወጣ ጀልባ አለ?»

ጊስሌን አፏን ከፈተች። «ሳንት ሪታ፣ የጭነት ጀልባዋ! ሉቫና ሚስቱ። እህል ጭነው ሽቅብ ነው የሄዱት፣ በኔ በር አላለፉም። የሉቫ ወገብ ደግሞ...» በእጇ አፏን ያዘች። «ወገቡ ተይዞ ነበር!»

«ትላንት ለጀልባ ነጂዎቹ ሁሉ ስደውል ለእነሱም ሞክሬ ነበር፣ አያነሱም» አለ ብሪዶ።

«ሸለቆው ውስጥ ናቸዋ። እዚያ ስልክ መቼ ይሠራል?» አለች ጊስሌን።

*

በዳርቻው መንገድ ሽቅብ ነዱ። ካፊያ ይጥላል። ክሌማንስ መስታወቱን በእጅጌዋ ትወለውላለች፣ እንደገና ትወለውላለች።

ከሦስተኛው የውሃ በር ወዲያ መንገዱ ሲታጠፍ ቢጫ ነገር መጣ። ትንሽዬ ብስክሌት፣ በላይዋ ረጅም ሽማግሌ፣ ጉልበቱ እስከ አገጩ እየደረሰ፣ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከኋላው እቅፍ ሙሉ ሽንኩርት ቅጠል ታስሮ። ያፏጫል።

ክሌማንስ መኪናው ሳይቆም ወረደች።

«ክሌማንስ?» አለ አንሰልም ፍሬን እየያዘ። «ምን ሆናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

ደረቱን በሁለት እጇ መታችው፣ ቀጥላ አቀፈችው፤ ብስክሌቱና ሽንኩርቱ አብረው ታቀፉ። «የት ነበርክ? የት ነበርክ አንተ ሰውዬ!»

«ሉቫን ላግዝ ሄድኩ። ውልብልቢቴ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ ስነቅል እጄን ቆረጠኝ፤ ሚስቱ ነርስ ነበረች፣ ጠርታ አሰረችልኝ። ወገቡ እንደ እንጨት ደርቋል፣ በሮቹን ማን ይከፍትለታል? ስልኬን ረስቼ ወጣሁ።»

«ለአንድ ሰው እንኳ አትናገርም?»

ሽማግሌው ግራ ገባው። «ለማን ልናገር ልጄ? ከትሬቨር ተጣልተናል። ከአንቺም...» ድምፁ ቀነሰ። «የሚጠብቀኝ ያለ አልመሰለኝም።»

ክሌማንስ ፊቷን አንገቱ ሥር ቀበረች። «አለ» አለች። «አለ፣ አባዬ።»

ኦዲል መሪው ላይ ክንዷን ጥላ ካፊያውን ተመለከተች። ሥራዋ ላይ ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ዜና ይዛ እንዳልተመለሰች አሰበችና ከልቧ ደስ አላት። ከቆየች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ሙሴ ጓዜ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ይቀመጡ።»

«ብስክሌት ላይ ነኝ፣ ተቀምጫለሁ።»

«ጀልባዎ ሰምጣለች።»

*

ቫሎ ሲደርሱ ሰው አጨበጨበ። ጊስሌን ግን ከሰዉ ኋላ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አንሰልም ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ሄደ።

«ክዳኑን ሳልገጥም ሳንቃውን ብቻ መልሼ የሄድኩት እኔ ነኝ» አላት። «ንዳት ብለሽ ስንቴ ለምነሽኛል። አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«ቤትህን አሰመጥኩ አንሰልም!»

«ቤቴ ጭቃ ላይ ተቀምጧል፣ አልሸሸም። አንቺም ከቤትሽ አትወጪም።» ወደ ኦዲል ዞረ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ክስ የለኝም። ማርጎን ያሰመጣት የገዛ ባለቤቷ ነው፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ።»

ኦዲል እንደዚያው ለመጻፍ ምንም አልከበዳትም።

ትሬቨር መዶሻ ይዞ ጀልባዋ ሥር ገብቷል። ሆዷን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየቀጠቀጠ ሄደ፤ ብረቱ እንደ ደወል ይጮኻል። «ወረቀት?» እያለ ይጮኻል። «ስማ! ይኼ ነው ወረቀት?»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ!» አለ አንሰልም። «ፓምፕህን አምጣ ይልቅ። ፈተናውስ?»

«ዝም በል!» አለ ትሬቨር በድንጋጤ፤ ባለ ካፌው ግን ጆሮውን አቅንቷል።

ፓምፑ መጣ፣ ባልዲዎች መጡ። ሰው ተሰለፈ። አንሰልም በአንድ እጁ ባልዲ ሊያነሳ ሲል ክሌማንስ ቀማችው። የከተማ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ አስቀመጠች፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቀለለች፣ ጭቃው ውስጥ ገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ እግሯ ረግጧት የማያውቃትን ጀልባ መደገፊያ ይዛ ወጣችና ጎንበስ ብላ በሩን ከፈተች።

«ኧረ ልጄ፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ይሸታል!» አላት አባቷ።

«ዞር በል» አለች ከውስጥ፣ የመጀመሪያውን ባልዲ በመስኮቱ እየደፋች። «አንተ ያንን ወንበርህን አምጥተህ እዚህ ፊቴ ተቀመጥ። እያየሁህ ልሥራ።»